ከስሙና ከቀለሙ አስቀድሞ አንገቱን

በባንድ መካከል ቆሞ የዘፈኑን መሠረት የሚይዘው ቤዝ ጊታር፣ ሲኖር ከዘፋኙና ከሊድ ጊታሩ ያነሰ ምስጋና የሚቀበል፣ ሲጐድል ግን ድራሙንና ዜማውን የሚያስተሳስረው ማሰሪያ ወዲያው የሚላላ በመሆኑ፣ ይህን መሣሪያ ሊማር ለተነሣ ወጣት የመጀመሪያውን ቤዝ መምረጥ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ገንዘቡ አነስተኛ የሆነ ሰው ወደ ሙዚቃ መሣሪያ መደብር ሲገባ የሚጠይቀውን ያስተዋለ ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው በራስጌው ላይ የተጻፈው ስም፣ ቀጥሎ ቀለሙ፣ ከዚያም የክሩን ድምፅ ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው የፒክአፑ ብዛት ሲሆን፣ ግራ እጅ በየዕለቱ ለሰዓታት ጨብጦት የሚውለው አንገት ግን ሳይመረመር ይታለፋል። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው ለዚህ ለተዘነጋው ክፍል ነው። በመጠነኛ ዋጋ ቤዝ የሚገዛ ሰው ፒክአፑን፣ መቃኛ ቁልፉን፣ ክሩን፣ ቀለሙን እንኳ ሳይቀር ውሎ አድሮ ሊለውጠው ስለሚችል ምርጫውን ከአንገቱ ይጀምር፤ ለሌላ ሰው የሚገዛም ቢሆን፣ የሚጫወትበት ሰው አንገቱን በእጁ ሳይጨብጠው ገንዘብ አይክፈል እላለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያሻል። ከኤሌክትሪክ ቤዝ በፊት የወፍራሙን ድምፅ አገልግሎት የሚፈጽመው የሰው ቁመት የሚያህለው ደብል ቤዝ ነበረ፤ እርሱም ለመሸከም አስቸጋሪ፣ ድምፁ በትንፋሽ መሣሪያዎች መካከል በቀላሉ የሚዋጥ፣ አንገቱም ፍሬት፣ ማለት የድምፆቹን ቦታ የሚለይ አግድም የብረት ዘንግ፣ የሌለው በመሆኑ ተጫዋቹ ትክክለኛውን ድምፅ በጆሮውና በእጁ ልማድ ብቻ ፈልጎ እንዲያገኝ የሚያስገድድ መሣሪያ ነው። በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ፖል ተትማርክ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ፍሬት ያለውና በአግድም የሚያዝ የኤሌክትሪክ ቤዝ ሠርቶ ነበር፤ ዳሩ ግን በዓለም የተስፋፋው፣ በካሊፎርኒያ በፉለርተን ከተማ ራዲዮ ይጠግን የነበረው ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ለገበያ ያቀረበው ፕሪሲዥን ቤዝ ነው። ፌንደር ክሩ ከመነሻው እስከ ማረፊያው ያለውን ርዝመት 34 ኢንች፣ ይኸውም 86 ሴንቲሜትር ከጥቂት አደረገው፤ ልኩም እስከ ዛሬ የአብዛኛው ቤዝ ሥርዓት ሆኖ ጸንቷል። የዚያ የመጀመሪያ ቤዝ አንገት በራስጌው በኩል፣ ክሮቹ በሚያርፉባት ትንሽ መሻገሪያ ላይ፣ 44 ሚሊሜትር ያህል ይሰፋ ነበር፤ በ1960 የወጣው የዚያው የፌንደር ጃዝ ቤዝ ግን በዚያው ቦታ ወደ 38 ሚሊሜትር ጠበበ።

ስድስት ሚሊሜትር በወረቀት ላይ ሲነበብ ኢምንት ይመስላል፤ በእጅ ውስጥ ግን የሁለት መሣሪያዎች ልዩነት ነው። መዳፉ ሰፊ፣ ጣቱ ረጅም የሆነ ሰው በሰፊው አንገት ላይ ክሮቹ ስለሚራራቁለት ይደሰታል፤ አጭር ጣት ያለው ግን ወፍራሙን ክር ለመድረስ አንጓውን እየጠመዘዘ፣ አውራ ጣቱን በአንገቱ ጀርባ ላይ እያጨነቀ መጫወት ግድ ይሆንበታል። ስፋት ብቻም አይደለም። በቁጥር አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት አንገቶች፣ አንዱ ጀርባው ሞላ ብሎ የከበበ፣ ሌላው ጠፍጠፍ ያለ ከሆነ፣ እጅ እንደ ሁለት ባዕድ ነገሮች ይቀበላቸዋል። ስለዚህም ነው በጽሑፍ የተዘረዘረ መጠን ለመጀመሪያ ማጣሪያ ቢረዳም ፍርድ ሊሆን የማይችለው።

የአገራችንን ቅኝቶች በዚህ አንገት ላይ ብናሳርፋቸው ጉዳዩ ይበልጥ ይገለጣል። አምባሰልን ከኤፍ አንሥተን በቤዙ የታችኛ ድምፆች ብንጫወተው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ድምፆች በወፍራሙ ክር ላይ በአንደኛውና በሁለተኛው ፍሬት፣ ቀጣዮቹ ሦስቱ ደግሞ በተከታዩ ክር ላይ በአንደኛው፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ፍሬት ይገኛሉ፤ እንግዲህ እጁን ከቦታው ሳያነሣ ቅኝቱን መፈጸም የሚሻ ተማሪ፣ ከጠቋሚ ጣቱ እስከ ትንሿ ጣቱ አራት ፍሬት መዘርጋት አለበት። ባለ 34 ኢንቹ ቤዝ ላይ ከአንደኛው እስከ አራተኛው ፍሬት ያለው ርቀት 13 ሴንቲሜትር ያህል ሲሆን፣ ባለ 30 ኢንቹ አጭር ቤዝ ላይ ግን 11 ሴንቲሜትር ከግማሽ ያህል ነው። ይህን ልዩነት በማስመሪያ ለክቶ እጁን በጠረጴዛ ላይ የዘረጋ ወጣት፣ የትኛው እንደሚስማማው ሻጭ ሳይነግረው ያውቀዋል።

በዚህ ላይ የሙዚቃችን ጠባይ ይጨመራል። የቤዝ መሥመር በእኛ ዘፈን ብዙ ጊዜ አጭር ሆኖ የሚደጋገም፣ ጭፈራው ሲደምቅ ያለ ዕረፍት የሚዞር፣ ጥቂት ጌጥ ብቻ የሚታከልበት ነው፤ በአይቤክስና በሮሃ ባንድ የቤዝ ተጫዋቹን የጆቫኒ ሪኮን አጨዋወት በአትኩሮት የሰማ ሰው የዚህን ድግግሞሽ ኀይል ያውቀዋል። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ በታወጀበት ወቅት፣ በየሆቴሉ ይሠሩ የነበሩ ባንዶች ታዳሚው ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል እስከ ንጋት ሲጫወቱ ማደራቸው የታወቀ ነው። ዛሬም የሠርግ ባንድ ከምሽት እስከ እኩለ ሌሊት ይሠራል፤ በየጸሎት ቤቱ መዘምራንን የሚያጅበው ወጣትም ልምምዱንና አገልግሎቱን ሲደምር ከሠርጉ ተጫዋች ያነሰ አይደክምም። ለእንዲህ ያለ ሥራ የእጅ ምቾት ቅንጦት ነው ሊባል አይገባም። ገበሬ የዕርፉን መጨበጫ በገዛ እጁ ልክ አስተካክሎ የሚጠርበው ቀኑን ሙሉ ስለሚይዘው ነው፤ የቤዝ አንገትም የሚጠየቀው ይህንኑ ነው።

ይሁን እንጂ ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ መምህራንና አንጋፋ ተጫዋቾች አሉ፤ ክርክራቸውም በአክብሮት ሊመለስ የሚገባው ነው። ጀማሪ በአስቸጋሪ አንገት ላይ ቢለማመድ ጣቱ ይጠነክራል፣ ትዕግሥትንም ይማራል፣ በኋላ መልካም መሣሪያ ሲያገኝ ሁሉ ይቀልለታል ይላሉ። ለምስክርነትም ብዙ ጊዜ የሚጠሩት በዲትሮይት የሞታውን ሙዚቃ ኩባንያ ዘፈኖች መሠረት የነበረውን ጄምስ ጀመርሰንን ነው፤ እርሱ በእርግጥም የ1962 ሥሪት የሆነውን ፕሪሲዥን ቤዙን ክሩ ከፍ ብሎ፣ አሮጌውን ክር ሳይለውጥ፣ በቀኝ እጁም በአንዲት ጣት ብቻ እየመታ ዘመናዊውን የቤዝ ጥበብ ያቀና ሊቅ ነው። ነገር ግን ጀመርሰን ወደ ኤሌክትሪክ ቤዝ የመጣው ከደብል ቤዝ ነው፤ እጁ አስቀድሞ በዚያ ግዙፍ አንገትና በወፍራም ክሩ ተገርቶ ስለ ነበረ፣ ለሌላው ከባድ የሆነው አንገት ለእርሱ ሸክሙ የተቃለለለት ነበር። ስለዚህ የእርሱ ታሪክ የሚያስረዳው መሣሪያ ከእጅ ጋር መስማማት እንዳለበት እንጂ፣ ያልሠለጠነ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በጠመመ አንገት ይፈተን የሚለውን ሕግ አይደለም። ጥንካሬ በጊዜና በትጋት ይመጣል። ያለ ቦታው የተጨነቀ አንጓ ግን የሚያመጣው ሕመም ነው፤ ሕመሙንም ብዙ ጀማሪዎች የራሳቸው ስንፍና ወይም የተሰጥዎ ማነስ አድርገው ስለሚቈጥሩት፣ መሣሪያውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ይተዉታል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ጥፋቱ የአንገቱ ሆኖ ሳለ ልጁ በራሱ ላይ ይፈርዳልና።

ለተቃራኒው ምስክር ካስፈለገ ደግሞ ከሊቨርፑል ወደ ሃምቡርግ የተሻገረውን ፖል ማካርትኒን መጥቀስ ይበቃል። በ1961 ቢትልስ በሃምቡርግ በየምሽት ክበቡ ሲጫወቱ ማካርትኒ ቤዝ ሲያስፈልገው፣ የፌንደር ዋጋ 100 ፓውንድ ገደማ ስለ ነበረ ከዐቅሙ በላይ ሆነበት፤ በ30 ፓውንድ ያህል የገዛው የጀርመኑ የሆፍነር ፋብሪካ በቫዮሊን ቅርጽ የሠራውን፣ አካሉ ቀላል፣ አንገቱ ቀጭን፣ ክሩም ከተለመደው 34 ኢንች የሚያጥር ቤዝ ነበረ። ግራኝ ስለ ነበረም ቅርጹ በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት መሆኑ ተስማማው። ገንዘብ ባገኘ ጊዜ የፈለገውን ሁሉ መግዛት የሚችል ሰው ሆኖ ሳለ ያንን ዓይነት ቤዝ ዛሬም ይጫወትበታል። እኛ ዘንድ ግን አጭር ቤዝ የሕፃን መጫወቻ ነው የሚል ጭፍን አስተያየት ስላለ፣ ትናንሽ እጅ ያላቸው ልጆች፣ በተለይም ወደ ቤዝ የሚመጡ ሴቶች ልጆች፣ ለአካላቸው የሚስማማውን ለመጠየቅ ያፍራሉ። አጭሩ ቤዝ ክሩ ላላ ስለሚል ወፍራሙ ድምፅ ትንሽ መደብዘዙ እውነት ነው፤ ይህን ጕድለት ተስማሚ ክር በመምረጥ ማቃለል ይቻላል፤ እጅን ግን መለወጥ አይቻልም።

እንግዲህ በመደብር ውስጥ ምን ይደረግ? ሻጩ ቤዙን ከግድግዳው አውርዶ ሲሰጥ ወዲያው ወደ አምፕሊፋየር መሰካት አያስፈልግም፤ ድምፁ የዐይንንና የእጅን ፍርድ ይሰርቃልና። ገዢው አስቀድሞ ማንገቻ ጠይቆ፣ ቤዙን አንግቦ ይቁም፤ ቆሞም ግራ እጁን ከአንገቱ ላይ ያንሣ። ራስጌው ወደ ወለሉ የሚያዘቀዝቅ ከሆነ፣ ያ ቤዝ በተጫወተ ቍጥር ግራ እጁን ተሸካሚ ያደርገዋል፤ በርካሽ መሣሪያዎች ላይ አካሉ ከመጠን በላይ ቀሎ ቁልፎቹ ሲከብዱ ይህ ጕድለት አዘውትሮ ይታያል። ቀጥሎ መዳፉን በአንገቱ ጠርዝ ላይ አሳርፎ ከራስጌው እስከ አካሉ ድረስ ቀስ ብሎ ያንሸራትት። የፍሬቶቹ ጫፍ በሚገባ ከተሞረደ መዳፉ እንደ ልቡ ያልፋል፤ ካልተሞረደ ግን ጠቋሚ ጣቱ ሥር ትንንሽ የብረት ጥርሶች ይቧጭሩታል፣ ከአንድ ሰዓት ልምምድ በኋላም በቆዳው ላይ ቀያይ ጭረት ይተዋሉ። ይህ ጕድለት ለዐይን በቀላሉ አይታይም፤ በፎቶግራፍም ፈጽሞ አይታወቅም።

ከዚያ በኋላ ቤዙን በጠመንጃ አያያዝ አንሥቶ፣ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ከአካሉ ወደ ራስጌው በአንገቱ ጠርዝ አሻግሮ ይመልከት። ጥቂት ወደ ፊት መጕበጥ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ክሩ ሲርገበገብ ፍሬቱን እንዳይነካ የሚያስፈልግ ነው። ነውር የሚሆነው አንገቱ ሲጠማዘዝ፣ ማለት ወፍራሙ ክር ያለበት ጠርዝና ቀጭኑ ክር ያለበት ጠርዝ ለየብቻ ሲጕብጡ ነው፤ ይህን የሚያድን ባለሙያ ጥቂት፣ ዋጋውም ብዙ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለውን ቤዝ በነጻ ቢሰጡት እንኳ አለመቀበል ይሻላል። የጕብጠቱን መጠን ለማወቅ ወፍራሙን ክር በአንደኛው ፍሬት ላይ በአንድ እጅ፣ አንገቱ ከአካሉ በሚጋጠምበት ፍሬት ላይ በሌላው እጅ ተጭኖ፣ በሰባተኛውና በስምንተኛው ፍሬት መካከል ክሩ ከፍሬቱ ምን ያህል እንደ ራቀ ማየት ነው፤ የአንድ አድራሻ ካርድ ውፍረት ያህል ክፍተት ካለ መልካም ነው። በዐሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ደግሞ ክሩ ሳይጫኑት ከፍሬቱ ከሁለት እስከ ሁለት ተኩል ሚሊሜትር ከፍ ቢል ለጀማሪ እጅ የተመቸ ነው። በመጨረሻ በእያንዳንዱ ክር ላይ እያንዳንዱን ፍሬት አንድ በአንድ እየተጫኑ ማድመጥ ይገባል፤ አንድ ፍሬት ብቻ ለይቶ የሚንጫጫ ከሆነ ከእርሱ ቀጥሎ ወደ አካሉ በኩል ያለው ፍሬት ከፍ ብሏል፣ ወይም ያ ፍሬት ራሱ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ሩብ ሰዓት የማይፈቅድ ሻጭ ካለም ሌላ መደብር መሄድ ነው።

የክር ከፍታና መጠነኛ ጕብጠት የሚታረሙ ነገሮች መሆናቸውን ግን ገዢው ይወቅ። በቤዝ አንገት ውስጥ ትረስ ሮድ የሚባል የብረት ዘንግ ተቀብሯል፤ አራቱ ክሮች ተቃኝተው ሲወጠሩ አንገቱን 70 ኪሎ ግራም በሚያህል ኀይል ስለሚስቡት፣ ዘንጉ ያንን ስበት ይመክታል። በአለን ቁልፍ ሩብ ዙር ያህል ብቻ እያዞሩ፣ በየመካከሉም እንጨቱ እስኪረጋ እየታገሡ ማስተካከል ይቻላል። ያገለገለ ቤዝ የሚገዛ ሰው ዘንጉ መዞሩን ሳያረጋግጥ ዋጋ አይቍረጥ፤ ዘንጉ እስከ መጨረሻው ጠብቆ አንገቱ አሁንም የጐበጠ ከሆነ የሚቀር ቀላል ማረሚያ የለምና። የአዲስ አበባ አየር በክረምት እርጥብ፣ ከጥቅምት በኋላ ግን እጅግ ደረቅ መሆኑንም ማሰብ ያሻል። በደረቁ ወራት እንጨቱ ይኮማተራል፤ ብረቱ ግን አይኮማተርምና፣ በነሐሴ ለስላሳ የነበረው የአንገት ጠርዝ በጥር ሲዳሰስ ፍሬቶቹ ወጣ ወጣ ብለው ሊገኙ ይችላሉ። ይህን በጥሩ ሞረድ የሚያስተካክል ባለሙያ ማግኘት አዲስ ቤዝ ከመግዛት እጅግ ይረክሳል። አንገቱ በወፍራም ቫርኒሽ ተቀብቶ በላብ ጊዜ መዳፍ የሚይዝ ከሆነም፣ የጀርባውን ቫርኒሽ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ፈዘዝ ማድረግ ብቻ ይበቃል። ስለዚህ ለቤዝ የተመደበውን ገንዘብ አሟጦ ለመሣሪያው ከመክፈል፣ ጥቂቱን ለአዲስ ክርና ለማስተካከያ ማስቀረት የተሻለ ነው፤ በሚገባ የተስተካከለ ርካሽ ቤዝ፣ ካልተስተካከለ ውድ ቤዝ ይልቅ ለእጅ የተመቸ ይሆናልና።

ስለ ስሞቹ ረዥም ሐተታ አያስፈልግም። ፌንደር ከ1982 ጀምሮ በስኳየር ስም የሚያወጣቸው መጠነኛ ዋጋ ያላቸው ቤዞች የጃዝ ቤዙን ጠባብ አንገት፣ ብሮንኮ በተባለው ዓይነትም አጭሩን ባለ 30 ኢንች አንገት ለትንሽ ገንዘብ ያቀርባሉ፤ የጃፓኑ አይባኔዝ ከ1987 ወዲህ በኤስ አር ተከታታይ ሥራዎቹ የታወቀው በቀጭን አንገቱ ነው፤ ያማሃም ለተማሪ በሚሠራው መሣሪያ በአሠራሩ ጥንቃቄ ይመሰገናል። ሆኖም ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ስም፣ በአንድ ዋጋ የወጡ ሁለት ቤዞች እንኳ በፍሬት አሞራረድና በአንገት ቅንነት ሊለያዩ ስለሚችሉ፣ መደብሩ ሁለት ካለው ሁለቱንም አውርዶ መጨበጥ ይገባል። የመጫወቻው ገጽ እንጨት ሮዝውድ ነው ወይስ ሎሬል እያሉ መጨቃጨቅ ግን ለጀማሪ ጥቅም የለውም።

አሁን ወደ ዋናው አቤቱታዬ ልመለስ። በአገራችን አብዛኛው የመጀመሪያ ቤዝ የሚገዛው በሚጫወተው ሰው እጅ አይደለም። ለመዘምራን ቡድን የሚገዛ ኮሚቴ፣ ለሚኒ ሚዲያ ወይም ለሙዚቃ ክበብ የሚገዛ ትምህርት ቤት፣ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለወንድሙ ልጅ የሚልክ አጎት፣ ሁሉም በቅን ልቡና ገንዘባቸውን ያወጣሉ፤ የሚመርጡት ግን በፎቶግራፍ፣ በስምና በቀለም ነው። ኮሚቴው ሦስት ዋጋ ማቅረቢያ ሰብስቦ ዝቅተኛውን ሲያጸድቅ ሥርዓቱን ፈጽሟል፤ ይሁን እንጂ በቃለ ጉባኤው ላይ ስለ አንገቱ አንድ ቃል አይገኝም። መሣሪያው ከመጣ በኋላ ልጁ ስለ ሥጦታው ማጕረምረም ነውር ስለሚሆንበት ዝም ብሎ ይቀበላል፤ እጁ ሲዝል ደግሞ የሚጠየቀው እርሱ ራሱ ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ገንዘብ ሳይሆን ትንሽ የአሠራር ለውጥ ነው። ኮሚቴው ዋጋ ማቅረቢያውን ከማጽደቁ በፊት ተጫዋቹን ከአንድ ልምድ ካለው ቤዚስት ጋር ወደ መደብር ይላክ፤ እነርሱ በመረጡት ቤዝ ላይ የተጻፈው ተራ ቍጥር በደረሰኙ ላይ ይስፈር፣ ሌላ በምትኩ እንዳይመጣ። ትምህርት ቤት አምስት ቤዝ የሚገዛ ከሆነ፣ አምስቱም ባለ 34 ኢንች ከሚሆኑ ሁለቱ አጭር ቢሆኑ ብዙ ልጅ ይጠቀማል። በውጭ አገር ያለው ዘመድም ከመግዛቱ በፊት ስልክ ደውሎ፣ “እስኪ የምትለማመድበት ቤዝ አንገቱ ራስጌው ጋ ስንት ሚሊሜትር ይሰፋል? እጅህን ዘርግተህ ከጠቋሚ ጣትህ እስከ ትንሿ ጣትህ ስንት ሴንቲሜትር ይሆናል?” ብሎ ይጠይቅ፤ ልጁም ማስመሪያ አምጥቶ በእውነት ለክቶ ይንገረው፤ የሚላክለትም ቤዝ በዚያ ልክ ይመረጥ፣ በሻንጣም ሲጓዝ ክሩ ላላ ተደርጎ፣ አንገቱ በልብስ ተጠቅልሎ ይላክ።